የደብረ ሊባኖስ ጥፋትና ትንሣኤ

ኢየሩሳሌም በባቢሎናውያን እጅ ከመውደቅዋ ጥቂት ቀደም ብሎ፥ ከተማይቱ በጠላት ሠራዊት ተከባ ሳለች፥ ነቢዩ ኤርምያስ በግዞት ቤት አደባባይ ታስሮ ተቀምጦ መሬት ገዛ። መሬቱ የሚገኘው በትውልድ አገሩ በዓናቶት ነው፤ ዋጋውም 17 ሰቅል ብር ነበረ። ምስክሮች ተጠርተው ብሩ በሚዛን ተመዘነ፤ ውሉም ተጽፎ ታተመ፤ ነቢዩም ጽሑፉን ብዙ ዘመን እንዲቈይ በሸክላ ዕቃ ውስጥ እንዲያኖረው ጸሐፊውን ባሮክን አዘዘው። በዚያ ወራት የይሁዳ እርሻ ሁሉ የባቢሎን ፈረሰኛ የሚረግጠው ነበር። ሻጩ ሊያስረክበው፥ ገዢውም ሊያርሰው አይችልም። በነጋዴ ዐይን ለሚመለከተው ሰው ይህ ግዢ ዕብደት ነው። ነቢዩ ግን ከተማይቱ እንደምትቃጠል ራሱ ሲናገር የኖረ ሰው ስለ ሆነ፥ መከራው አይመጣም ብሎ ልቡን አላታለለም። መሬቱን የገዛው መከራው እንደሚመጣ፥ ከመከራውም በኋላ በዚያች አገር ቤትና እርሻ ዳግመኛ እንደሚሸጥና እንደሚለወጥ ስላመነ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ586 ዓመት ገደማ ከተማይቱ ፈረሰች። ኤርምያስም ያን እርሻ ሳያርሰው ወደ ግብፅ ተወሰደ።

በዚሁ ታሪክ ውስጥ አንድ ኢትዮጵያዊ አለ። ኤርምያስን ጭቃ ከሞላበት ጕድጓድ በገመድና በአሮጌ ጨርቅ ስቦ ያወጣው የንጉሡ ጃንደረባ አቤሜሌክ ነው። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከምትቀበላቸው መጻሕፍት አንዱ የሆነው ተረፈ ባሮክ ስለዚህ ሰው የሚተርከውን የቄስ ትምህርት ቤት ልጆች እንኳ ያውቁታል። ከተማይቱ በምትጠፋበት ቀን ነቢዩ በለስ እንዲያመጣ ወደ እርሻ ላከው፤ እርሱም ሐሩሩ ጠንቶበት ከዛፍ ጥላ በታች ጥቂት ልረፍ ቢል 66 ዓመት ተኛ። በነቃ ጊዜ በመሶቡ ያለው በለስ ዛሬ የተቈረጠ ይመስል ወተቱ ይንጠባጠብ ነበር፤ ከተማይቱን ግን አላወቃትም። እግዚአብሔር ስለ በጎ ሥራው ዋጋ የኢየሩሳሌምን ጥፋት እንዳያይ በእንቅልፍ ሰውሮት ነበርና።

ምእመናን በዚህ ታሪክ ሲጽናኑበት ኖረዋል፤ መጽናናትም ይገባል። ይሁን እንጂ ይህ ጸጋ ለአንድ ሰው የተሰጠ ነው፤ ሌላው ሕዝብ ሁሉ ነቅቶ አየ። ከአቤሜሌክ በኋላ የተነሡት ኢትዮጵያውያንም መከራ በመጣባቸው ጊዜ እንቅልፍ አልተሰጣቸውም። የደረሳቸው የኤርምያስ ዕጣ ነው፤ ይኸውም የማያርሱትን እርሻ መግዛት። ይህ ነገር በብዙ አድባራትና ገዳማት ታሪክ የሚገኝ ቢሆንም፥ ሁለት ጊዜ ባድማ ሆና ሁለት ጊዜ በተነሣችው በደብረ ሊባኖስ ታሪክ ይበልጥ ጐልቶ ይታያል።

ደብረ ሊባኖስ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ በሰላሌ አገር ከትልቅ ገደል ሥር የምትገኝ ገዳም ናት። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ከደቀ መዛሙርታቸው ጋር በዋሻ በተቀመጡባት ጊዜ ስምዋ ደብረ አስቦ ነበረ፤ ደብረ ሊባኖስ ብለው የሰየሙአት በ15ኛው መቶ ዓመት የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው። የገዳሙ አለቃ እጨጌ ይባል ነበር፤ ጳጳሱ ከግብፅ ይመጣ በነበረበት ረዥም ዘመን ከኢትዮጵያውያን መነኮሳት ሁሉ የበላዩ እጨጌው ነበረ። ገዳሟ ከጥንትም ቢሆን ያለ ፈተና የኖረች አይደለችም። ከመጀመሪያዎቹ አበምኔቶች አንዱ አቡነ ፊልጶስ ዐፄ ዓምደ ጽዮንን ስለ ጋብቻቸው ቢገሥጹ ተሰደዋል፤ ያረፉትም በስደት ነው። ነገር ግን ያ የአንድ አባት መከራ ነበረ፤ ቤቱ አልፈረሰም።

ቤቱ የፈረሰው በኋላ ነው። በ1521 ዓ.ም. ዐፄ ልብነ ድንግል፥ በተለምዶ ግራኝ አሕመድ በሚባለው በኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም እጅ በሽምብራ ቁሬ ድል ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ንጉሡ ከአምባ ወደ አምባ ሲሸሹ ኖሩ። በ1523 ዓ.ም. በሐምሌ ወር የኢማሙ ጦር ደብረ ሊባኖስ ደረሰ። የዘመቻውን ታሪክ ፉቱሕ አል ሐበሻ በተባለው መጽሐፍ የጻፈው ዐረብ ፈቂህ የኢማሙ ወገን የነበረ ሰው ነው፤ ስለዚህ ስለ መነኮሳቱ የሚሰጠው ምስክርነት በወገንተኝነት አይጠረጠርም። መነኮሳቱ ቤተ ክርስቲያኑ እንዳይቃጠል ቤዛ ሊከፍሉ ለመኑ፤ ልመናቸው አልተሰማም፤ እሳቱም ተለኰሰ። ከ240 ዓመት በላይ የተከማቸ መጽሐፍና ንዋየ ቅድሳት፥ ከሁሉም ይልቅ በአንድ ስፍራ ተሰብስቦ የኖረ የመምህርና የደቀ መዝሙር ጉባኤ ተበተነ። ዐፄ ልብነ ድንግልም በ1532 ዓ.ም. በደብረ ዳሞ ዐረፉ፤ ያረፉትም መንግሥታቸው ሲመለስ ሳያዩ ነው።

በዚያ የመከራ ዘመን ከነበሩት የደብረ ሊባኖስ እጨጌዎች ስመ ጥሩው ዕንባቆም ናቸው። የትውልድ አገራቸው የመን ነው፤ የተወለዱትም ከእስላም ወገን ነበረ። ወደ ኢትዮጵያ መጥተው፥ ሃይማኖትን ብዙ ጊዜ መርምረው፥ በደብረ ሊባኖስ አባቶች እጅ ተጠምቀው መነኰሱ፤ በኋላም ለአቡነ ተክለ ሃይማኖት መንበር በቁ። ዐረብኛን ጠንቅቀው ስለሚያውቁ መጻሕፍትን ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ይመልሱ ነበር። እንግዲህ አንባቢ ያስተውል፤ እኒህ አባት የውጭ አገር ተወላጅ ናቸው፤ የአጥቂውን ወገን ሃይማኖት በሕፃንነታቸው ያወቁት፥ ቋንቋውንም የሚናገሩት ናቸው። ነፍሳቸውን ለማዳን ቢፈልጉ ከማንም ይልቅ የቀለለ መንገድ ነበራቸው። እርሳቸው ግን ከሚሰደደው ሕዝብ ጋር ተሰደዱ። በስደትም ሳሉ አንቀጸ አሚን የተባለውን ጽሑፍ ለኢማሙ ለራሱ ጻፉለት። ከቍርኣኑ እየጠቀሱ የክርስትናን እውነተኛነት አስረዱት፤ አብያተ ክርስቲያናትን ከማቃጠልና መነኮሳትን ከመግደል እንዲከለከልም መከሩት። ገዳሙ የተቃጠለበት አለቃ ለአቃጣዩ የመለሰው መልስ ይህ ነው፤ ክርክሩም ስድብ የበዛበት ሳይሆን ምስክር የበዛበት ነው።

ስማቸውም ያለ ነገር የወጣ አይመስልም። ነቢዩ ዕንባቆም ጸሎቱ ከመዝሙረ ዳዊት ጋር ከጸሎተ ነቢያት አንዱ ሆኖ እስከ ዛሬ የሚጸለይለት ነው። በዚያም ጸሎት በለስ ባታፈራ፥ ወይንና ወይራ ቢነጥፉ፥ በረቱም ከበግና ከላም ባዶ ቢሆን፥ እርሱ ግን በእግዚአብሔር ደስ እንደሚለው ይናገራል። የአቤሜሌክ በለስ ያልደረቀች በለስ ናት፤ የዕንባቆም በለስ ግን ያላፈራች በለስ ናት። ሁለቱም የተስፋ ምሳሌዎች ናቸው። ነገር ግን በመጀመሪያይቱ ሰው የሚጽናናው አይቶ ነው፤ በሁለተኛይቱ የሚጽናናው ሳያይ ነው። ለደብረ ሊባኖስ ስደተኞች የቀረበችላቸው ሁለተኛይቱ ነበረች።

በ1533 ዓ.ም. 400 ያህል የፖርቱጋል ወታደሮች ለእርዳታ መጡ፤ በ1535 ዓ.ም. በየካቲት ወር ወጣቱ ንጉሥ ዐፄ ገላውዴዎስ በወይና ደጋ ጦርነት ድል አደረጉ፤ ኢማሙም ሞተ። ብዙ ተራኪዎች ነገሩን እዚህ ላይ ይፈጽሙታል፤ የመከራው ዘመን ድል በሆነበት ቀን አንድ ጊዜ አለፈ፥ ሁሉም ወደ ቀድሞ ስፍራው ተመለሰ ብለው ያስባሉ። እውነቱ እንዲህ አይደለም። ጦርነት በአንድ ቀን ሊፈጸም ይችላል፤ ፍርስራሽ ግን በአንድ ቀን አይነሣም። ከድል በኋላ የነበረው ሥራ ከድሉ ይልቅ የከበደ ነበረ፤ ሊጻፍለትም የሚገባው እርሱ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የሰው ነገር ነበረ። በእነዚያ ዓመታት እጅግ ብዙ ሰው ሃይማኖቱን ለውጧል፤ አንዱ ሰይፍ ፈርቶ፥ አንዱ ልጆቹን ለማዳን፥ አንዱ ርስቱን እንዳይነጠቅ። አሁን እኒህ ሁሉ በቤተ ክርስቲያን በር ቆመው ነበር። ምን ይደረጉ? በሦስተኛው መቶ ዓመት በሮም ኖባትያኖስ የተባለ ቄስ በስደት ጊዜ የካዱትን አንቀበልም ብሎ ቤተ ክርስቲያንን እንደ ከፈለ በታሪክ የታወቀ ነው። በኢትዮጵያ እንዲህ ያለው ክፉ ምክር አልጸናም። የካዱት በንስሓ የሚመለሱበት፥ ጸሎት ተጸልዮላቸው በተባረከ ውሃ የሚነጹበት መጽሐፈ ቄድር የተባለው ሥርዐት በዚያ ዘመን ተስፋፋ። መጽሐፉ ትንሽ ነው፤ ሥራው ግን ከብዙ ካቴድራል የሚበልጥ ነው። ቤተ መቅደስ ድንጋይ ካለ ይታነጻል፤ በእፍረት የወደቀ ሰው ግን ሌላ ሰው እጁን ካልሰጠው ራሱን በራሱ አያነሣም። ነቢያት ስለ ጽዮን መመለስ ሲናገሩ የሚያዝኑት ለቅጥርዋ ብቻ ሳይሆን ለልጆችዋ እንደ ነበረ እዚህ ላይ ይታወቃል።

ሁለተኛው የትምህርት ነገር ነበረ። ድጓ፥ ዝማሬ፥ መዋሥዕት፥ ይህ ሁሉ የያሬድ ዜማ በመምህሩ አፍና በተማሪው ጆሮ የሚኖር ነው። ተማሪ ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ ዓመታት በሙሉ ሲያዜም ይውላል፤ ቃሉን ከብራና ሊያገኘው ይችላል፤ ዜማውን ግን ከሰው በቀር ከየትም አያገኘውም። ስለዚህ አንድ መምህር ሲገደል የሚሞተው አንድ ሰው ብቻ አይደለም። ከጦርነቱ በኋላ የቀሩት ሊቃውንት ይህን በደንብ ተረድተውት ነበር። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሁለት የዜማ ሊቃውንት በተድባበ ማርያም ሆነው የዜማውን ምልክት አደራጁ። ሊቃውንት እንደሚያስረዱት ለቅዱስ ያሬድ በሚሰጡት በስምንቱ ምልክቶች፥ ማለት በይዘት፥ በደረት፥ በርክርክ፥ በድፋት፥ በጭረት፥ በቅናት፥ በሂደትና በቍርጥ ላይ ድርስንና አንብርን የጨመሩ እነርሱ ናቸው። ከቃሉ በላይ በቀይና በጥቁር ቀለም ደቅቀው የሚጻፉት ፊደላትና ጭረቶች ለማያውቅ ሰው ጌጥ ይመስላሉ። ጌጥ አይደሉም፤ ዳግመኛ ጥፋት ቢመጣና መምህራን ቢያልቁ የሚተርፍ ምስክር እንዲኖር በማሰብ የተዘጋጀ፥ እንደ ባሮክ የሸክላ ዕቃ ያለ መዝገብ ናቸው። ጥፋት ባይመጣ ኖሮ ይህ ሥራ ይህን ያህል ባልተተጋበት ነበር ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። እግዚአብሔር ያፈረሰውን ሲሠራ የቀድሞውን ብቻ መልሶ አያቆምም፤ ያልነበረም ይጨምርበታል።

እጨጌ ዕንባቆምም ከስደት ተርፈው ወደ መጻሕፍት ሥራቸው ተመለሱ። በ1545 ዓ.ም. በረላምና ይዋስፍ የተባለውን መጽሐፍ ለዐፄ ገላውዴዎስ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ መለሱ። መጽሐፉ መንግሥትን ትቶ ስለ መነነ የንጉሥ ልጅ የሚተርክ ነው። የጠፋ መንግሥቱን በብዙ ደም የመለሰ ንጉሥ እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ማስተርጐሙ የሚያስደንቅ ነው፤ ያተረፈውን የሚያይበትን ዐይን ያመለክታል።

የገዳሙ ሕንፃ ግን ገና ነበረ። ዐፄ ገላውዴዎስም በ1551 ዓ.ም. በጦርነት ወደቁ፤ አገሩም አልረጋም። የእጨጌው መንበር ከሸዋ ተነሥቶ ወደ ጎንደር አገር ሄደ፤ በአዘዞ ብዙ ዘመን ተቀመጠ። ተራራው በስም ብቻ የሚታወቅ፥ አለቃው በሌላ አገር የሚኖር ገዳም ሆነ። ደብረ ሊባኖስ በሙሉ ታድሳ የታነጸችው ታላቁ አድያም ሰገድ ኢያሱ በ1691 ዓ.ም. ገደማ ከጐበኙአት በኋላ ነው። ከ1523 ዓ.ም. ጀምሮ ቢቈጠር 168 ዓመት ይሆናል።

በዚህ ቍጥር ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። በኤርምያስ ዘመን ሐናንያ የተባለ ሐሰተኛ ነቢይ ተነሥቶ ምርኮው በሁለት ዓመት ውስጥ እንደሚመለስ ሰበከ፤ ሕዝቡም ሰማው፤ ደስ የሚያሰኝ ስብከት ነበረና። ኤርምያስ ግን 70 ዓመት አለ። ወደ ባቢሎንም ለምርኮኞች ደብዳቤ ልኮ ቤት እንዲሠሩ፥ አትክልት እንዲተክሉ፥ ልጆቻቸውን እንዲድሩ፥ የተቀመጡባትም ከተማ በሰላም እንድትኖር እንዲጸልዩ አዘዛቸው። ከሁለቱ ነቢያት የተስፋ ነቢይ የትኛው ነው ተብሎ ቢጠየቅ፥ ያልተማረ ሰው ሐናንያን ይላል። ነገር ግን የሐናንያ ተስፋ ሁለት ዓመት ባለፈ ጊዜ ሞተ፤ የኤርምያስ ተስፋ የልጅ ልጅ ደረሰበት። የደብረ ሊባኖስ ልጆችም በ168 ዓመት ውስጥ ከአምስት ትውልድ ያላነሰ ቀብረዋል። ከእነዚያ መካከል ገዳሟ ታድሳ ያያት የመጨረሻው ትውልድ ብቻ ነው። የቀሩት የጸሎታቸውን ፍሬ ሳያዩ ስሟን ለልጆቻቸው አስተምረው ሞቱ። ቅዱስ ጳውሎስ በዕብራውያን መልእክት ስለ አበው የተናገረው፥ የተስፋውን ቃል ሳይቀበሉ ከሩቅ ተሳልመውት ሞቱ ያለው ዐይነት ሞት ነው።

ደግሞም የሚመለሰው ነገር ሁሉ እንደ ነበረ አይመለስም። ምርኮኞቹ ወደ ኢየሩሳሌም ገብተው የቤተ መቅደሱን መሠረት በጣሉ ጊዜ፥ የፊተኛውን ቤት ያዩ ሽማግሌዎች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እንዳለቀሱ፥ ሌሎቹም በደስታ እልል እንዳሉ፥ የልቅሶውም ድምፅ ከእልልታው ተለይቶ እንዳልታወቀ ዕዝራ ጽፎአል። የሚያስተውል ሰው ይህን ክፍል በቸልታ አያልፈውም። ዕዝራ ሽማግሌዎቹን ስለ ምን አለቀሳችሁ ብሎ አልነቀፋቸውም፤ ልቅሶአቸውን ከታሪኩ አላወጣም። ሁለተኛው ቤት በ516 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ገደማ ተፈጸመ፤ ታቦተ ሕጉ ግን በውስጡ አልነበረችም። ኢትዮጵያውያን ታቦቲቱ በምኒልክ ቀዳማዊ ዘመን አክሱም ገብታለች ብለው ያምናሉና፥ ስለዚህ ነገር ከአይሁድ ይልቅ ቢጽናኑ አይፈረድባቸውም። ይህም ቢሆን ሽማግሌዎቹ ያለቀሱበት ምክንያት እውነት ነበረ። የጠፋ ጠፍቶ ነበር።

ይህ ነገር በደብረ ሊባኖስ ዳግመኛ በታየ ጊዜ ልቅሶው ከፊተኛው የከበደ ሆነ። በ1921 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ኢትዮጵያውያን ካህናት የጵጵስና ማዕርግ ተቀበሉ፤ ከእነርሱም አንዱ የሰላሌው ተወላጅ አቡነ ጴጥሮስ ነበሩ። ብዙ መቶ ዓመት የተጠበቀ ነገር ነበረና ደስታው ታላቅ ነበረ። ሰባት ዓመት ሳይሞላ የፋሺስት ኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ ገባ፤ አቡነ ጴጥሮስም ሕዝቡን ለጠላት እንዲገዛ አልሰብክም በማለታቸው በሐምሌ ወር 1928 ዓ.ም. በጥይት ተደብድበው ሰማዕት ሆኑ። በሚቀጥለው ዓመት አቡነ ሚካኤል በጎሬ ተገደሉ። ይህም በለስ ማፍራት በጀመረችበት ዓመት የተቈረጠች ያህል ነበረ።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃም ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በማርሻል ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ጣሉ። በአዲስ አበባ ሦስት ቀን የፈሰሰው ደም የታወቀ ስለ ሆነ እዚህ አይተረክም። ግራዚያኒ ግን በዚያ አልበቃውም፤ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ከነገሩ አሉበት ብሎ ጄኔራል ማሌቲን አዘዘበት። ጄኔራሉም የመረጠው ጊዜ ግንቦት 12 ቀን ነው። ይህ ቀን የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ ዐጽም ነው፤ ጻድቁ ባረፉ በ57 ዓመት ዐጽማቸው ከዋሻው ወጥቶ ወደ ተሠራላቸው ቤተ ክርስቲያን የገባበት መታሰቢያ ነው። ከየአገሩ መነኮሳትና ምእመናን የሚሰበሰቡበት ታላቅ በዓል ስለ ሆነ፥ ወጥመዱ በበዓሉ ላይ ተዘረጋ። በማግሥቱ ግንቦት 13 ቀን የተያዙት በካሚዮን እየተጫኑ ከገዳሙ ራቅ ወዳለ ስፍራ ተወስደው በመትረየስ ተፈጁ። ኢጣልያኖች በቴሌግራማቸው 297 መነኮሳትን እንደ ገደሉ ጻፉ፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ደግሞ ተርፈው የነበሩትን 129 ዲያቆናት በደብረ ብርሃን አጠገብ ገደሉ። ኢያን ካምቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ በኋላ ዘመን ምስክሮችን ጠይቀው ባደረጉት ምርመራ የሟቾቹ ቍጥር ከ1,423 እስከ 2,033 እንደሚደርስ ገምተዋል። ግራዚያኒ ከገዳሙ ምልክት እንኳ እንዳይቀር መደረጉን በኩራት ለሮም አስታወቀ።

ስለ እግዚአብሔር መመለስና መጠገን የሚናገር ሰው በዚህ ስፍራ ቃሉን መመጠን ይገባዋል። እኒያ 129 ዲያቆናት ቅስና ሳይቀበሉ፥ ደቀ መዝሙር ሳያፈሩ ሞቱ። እናቶቻቸው ልጄ ይመለሳል ብለው የጠበቁት ተስፋ በዚህ ዓለም አልተፈጸመም። የኋለኛው ደስታ የፊተኛውን ኀዘን ይክሰዋል ብሎ እንደ ሒሳብ ማቀናነስ በሰማዕታት ላይ መዳፈር ነው። ቤተ ክርስቲያን ትንሣኤ ሙታንን ተስፋ የምታደርገው በምድር ላይ የሚሆነው መመለስ ሁሉ ለሟቾቹ እንደማይበቃቸው ስለምታውቅ ነው። ኢዮብ ዐሥር ልጆች ዳግመኛ ወለደ፤ የፊተኞቹ ዐሥሩ ግን ከመቃብር አልወጡም። የኢዮብን መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ይህን ካላሰበ መጽሐፉን አላነበበውም።

ከዚህ ጋር የሆነውን መተረክ ደግሞ ግዴታ ነው። የግራዚያኒ ቃል አራት ዓመት ብቻ ቆየ። መከራው በመጣ ጊዜ የደብረ ሊባኖስ እጨጌ የነበሩት ገብረ ጊዮርጊስ በኢየሩሳሌም በስደት ነበሩ። የባቢሎን ምርኮኞች ወደ ኢየሩሳሌም ለመመለስ ያለቅሱ ነበር፤ የኢትዮጵያው እጨጌ ግን በኢየሩሳሌም ተቀምጠው ለሌላ ሊባኖስ አለቀሱ። በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በሱዳን በኩል ወደ አገራቸው ሲመለሱ አብረው ተመለሱ፤ ሚያዝያ 27 ቀንም አዲስ አበባ ነጻ መውጣቷ ታወጀ። እጨጌው በ1940 ዓ.ም. አቡነ ባስልዮስ ተብለው ጵጵስና ተቀበሉ፤ በ1943 ዓ.ም. ሊቀ ጳጳሳት ሆኑ፤ ሰኔ 21 ቀን 1951 ዓ.ም. በካይሮ በግብፁ ፓትርያርክ በአቡነ ቄርሎስ ስድስተኛ እጅ የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ፓትርያርክ ሆነው ተሾሙ። ከአቡነ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ጀምሮ 1,600 ዓመት ያህል ከእስክንድርያ ሲላክ የኖረው የበላይ አባትነት ለአገር ልጅ ሲሰጥ፥ የተሰጠው ምልክቷ እንዳይቀር ለተፈረደባት ገዳም አለቃ ነው። አቡነ ጴጥሮስ በ1921 ዓ.ም. የተቀበሉት መስቀል ከደማቸው ጋር በመሬት ላይ የወደቀ መስሎ ነበር።

ገዳሙም መነኮሳት ዳግመኛ ተሰበሰቡበት። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትእዛዝ ዛሬ የሚታየው ታላቁ ቤተ ክርስቲያን ታነጸ፤ ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ በኅብረ ቀለም መስታወት አስጌጡት። ስለ ሕንፃው ብዙ ተነግሯል፤ ጎብኚም ሁሉ ያየዋል።

በየዓመቱ ግንቦት 12 ቀን በደረሰ ጊዜ ምእመናን ከሩቅ አገር ተጕዘው ወደ ገደሉ ሥር ይወርዳሉ። የዐጽሙ ፍልሰት ይከበራል፤ ሌሊቱን ማኅሌት ይቆማል። ጢማቸው ገና ያልበቀለ ዲያቆናት ጸናጽል ይዘው ከመሪጌታው ኋላ ተሰልፈው ከድጓው ያዜማሉ፤ ቃላቸው ቢስት በመጽሐፉ ላይ ያለው ድርስና አንብር ይመልሳቸዋል። ሲነጋም ግንቦት 13 ይሆናል።